ጣሪያው አራት ኪሎ፣ ዕዳው ሰንጋ ተራ

የፌዴራል መንግሥት የበጀት ጉድለት ከጥቅል አገራዊ ምርት 3 በመቶ አካባቢ እንዳያልፍ የሚለው መርህ በኢትዮጵያ የዕቅድና የበጀት ሰነዶች ውስጥ ለዓመታት ሲመላለስ ቆይቷል። በአብዛኛው ተከብሯል፣ ሲታለፍም በጥቂቱ ነው። ነገር ግን ጥር 2010 ላይ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ኢትዮጵያን የዕዳ ጫና ሥጋታቸው ከፍተኛ ነው ከሚላቸው አገሮች ተርታ ሲመድባት፣ የመንግሥትና የልማት ድርጅቶቹ ዕዳ ተደምሮ ከአገራዊ ምርቱ 60 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ጉድለቱ ከጣሪያው በታች እያለ ዕዳው ከየት መጣ?

መልሱ የፊስካል ሕግ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከማንኛውም የውጭ ምሳሌ በተሻለ ያሳያል። ሕጉ የሚቆጥረው አጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የእኛ አጥር የታጠረው አራት ኪሎ፣ ፓርላማው በሚያጸድቀው በጀት ዙሪያ ነበር። ትልቁ ብድር ይመዘገብ የነበረው ግን ከዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ ዙሪያ ባሉት ባንኮችና የልማት ድርጅቶች መዝገብ ላይ ነው።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ

የፊስካል ሕግ ሲባል መንግሥት በራሱ ላይ የሚጥለው፣ በቁጥር የተገለጸ ገደብ ማለት ነው። ገደቡ በጉድለቱ፣ በዕዳው ክምችት፣ በወጪው ወይም በገቢው ላይ ሊጣል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 እንዲህ ያለ ገደብ የነበራቸው አገሮች ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ ዛሬ ከ100 በላይ ናቸው። ከሁሉም የታወቀው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 በማስትሪክት ስምምነት ያስቀመጠው ነው፦ ጉድለት 3 በመቶ፣ ዕዳ 60 በመቶ።

ሁለቱ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተቀመጡ ቢመስሉም በሒሳብ ይገናኛሉ። የአንድ ዓመት የዕዳ ጥምርታ (ዕዳው ከአገራዊ ምርቱ አንጻር በመቶኛ) የሚሰላው ያለፈውን ዓመት ጥምርታ ኢኮኖሚው (ዋጋ ንረትን ጨምሮ) ባደገበት ልክ አካፍሎ፣ በላዩ የዓመቱን ጉድለት በመደመር ነው። ዕዳው 60፣ ዕድገቱ 5 በመቶ ቢሆን፣ 60 ለ1.05 ሲካፈል 57.1 ይሆናል፤ ጉድለቱ 3 ሲደመርበት 60.1። ስለዚህ በ5 በመቶ የሚያድግ ኢኮኖሚ በየዓመቱ 3 በመቶ ቢጎድልበት ዕዳው 60 አካባቢ ይረጋል ማለት ነው።

ይኸንኑ ቀመር ወደ ኢትዮጵያ እናምጣው። ከ2003 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት አገራዊ ምርቱ በብር ሲለካ፣ የዋጋ ንረቱ ተጨምሮበት፣ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ያድግ ነበር። በ20 በመቶ ዕድገትና በ3 በመቶ ጉድለት ዕዳው ውሎ አድሮ የሚያርፈው 18 በመቶ ላይ ነው። ከ60 ቢነሳ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 53 መውረድ ነበረበት። ሆኖም የሆነው ተቃራኒው ነው። በቀመሩ መሠረት መሆን በነበረበትና በሆነው መካከል ያለው ይህ ሰፊ ክፍተት በጉድለቱ ውስጥ ያላለፈ ብድር ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ክፍተቱን የማስተካከያ መስመር ብለው ያልፉታል። የእኛን አገር ታሪክ ለሚያጠና ግን ከዋናው ሠንጠረዥ ይልቅ የሚነበበው ይህ መስመር ነው።

ከአጥሩ ውጭ

ከለገሃር ወይም ከስታዲየም ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ቀላል ባቡር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህ 85 በመቶው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ገቢው በብር ሳንቲም፣ ዕዳው በዶላር። ትኬቱ ዋናውንና ወለዱን ይቅርና የመለዋወጫውን ወጪ እንኳ እንደማይሸፍን ከመነሻው ግልጽ ነበር፤ ለሕዝብ ትራንስፖርት ደግሞ ያ በራሱ ነውር አይደለም። ችግሩ ድጎማው በበጀቱ ውስጥ እንደ ድጎማ አለመጻፉ ነው። ጉድለቱ ላይ የሚታየው መንግሥት ራሱ ከካዝናው ያወጣው ብቻ ስለሆነ፣ በድርጅት ስም የተያዘው ብድር የ3 በመቶውን ጣሪያ ሳይነካ አለፈ። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የስኳርና የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ፕሮጀክቶች በዚሁ መንገድ ነው የተጓዙት። የጅቡቲውን መስመር በተመለከተ መንግሥት በ2011 መባቻ ከቻይና ጋር ተደራድሮ የመክፈያ ጊዜውን ከ10 ወደ 30 ዓመት አስረዝሟል።

የውጭው ብድር ብቻ አይደለም። የአገር ውስጡ ክፍል በሁለት ቧንቧ ይሄድ ነበር። አንደኛው፣ የልማት ድርጅቶች ኮርፖሬት ቦንድ ያወጣሉ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛል። ሁለተኛው በ2003 የመጣው የ27 በመቶ መመሪያ ነው፦ የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ 100 ብር አንጻር 27 ብር አውጥተው የብሔራዊ ባንክን የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። የሰነዱ ወለድ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ደግሞ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። ሰነዱ እስከ ኅዳር 2012 ድረስ ቆይቷል። ግምጃ ቤቱም ቢሆን በጨረታ ዋጋ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ የትሬዠሪ ቢል (የመንግሥት የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ) ወለዱ እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ገዢዎች የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። የዋጋ ንረቱ ከወለዱ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር የዕዳው ውድነት በበጀቱ ላይ አይታይም፤ ልዩነቱን የሚሸፍኑት ቆጣቢውና ጡረተኛው ነበሩ። ጉድለቱ ትንሽ መስሎ ከታየባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ወለዱ በገበያ ዋጋ ቢከፈል ኖሮ የ3 በመቶው ጣሪያ ራሱ ይሰበር ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ ሒሳቡ ተጠራቅሞ መጣ። በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ መክፈል ያቃታቸው የልማት ድርጅቶች ዕዳ ወደ እሱ እንዲዞር ተደረገ። ኮርፖሬሽኑ ግን ዕዳውን እንጂ ዕዳውን የሚያህል ገቢ አልወረሰም። ወለዱ እየተደመረ ሄዶ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ለማዳን የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ፤ አብዛኛው ለእነዚሁ ድርጅቶች አሮጌ ብድር ማወራረጃ፣ ቀሪው የባንኩን ካፒታል ማጠናከሪያ ነው።

ይህን ቁጥር ከበጀቱ ጎን እናስቀምጠው። የ2017 የመጀመሪያው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በአንድ አዋጅ የዓመቱን በጀት የሚያህል ዕዳ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት መዝገብ ገባ፤ በዚያ ዓመት ጉድለት ላይ የጨመረው ግን የለም። ቦንዱ ገንዘብ አልወጣበትም፣ በአሮጌ ብድር የተለወጠ ሰነድ ነው። ከእንግዲህ ጉድለቱ ላይ የሚታየው ወለዱ ነው፣ ያውም በየዓመቱ። ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ የሚሠራበት ገንዘብ ከአሥር ዓመት በፊት ለቆሙ ፋብሪካዎች ወለድ ይሄዳል ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን ገጠማቸው?

የጎረቤቷ የኬንያ ጉዳይ በአጭሩ ይነገራል። ሕጓ ቀድሞ ዕዳውን ከአገራዊ ምርት 50 በመቶ ላይ ይገድብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ቀርቶ ጣሪያው በገንዘብ መጠን፣ 9 ትሪሊዮን ሽልንግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያም ሊሞላ ሲል 10 ትሪሊዮን ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ወደ በመቶኛ ተመልሶ የዕዳው የአሁን ዋጋ (ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ የሚያወጣው) ከአገራዊ ምርት 55 በመቶ እንዲሆን፣ የ5 ነጥብ መወዛወዝም እንዲፈቀድለት ተወሰነ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጣሪያ። ዕዳው ሲደርስ የሚነሳ ጣሪያ ገደብ ሳይሆን ማስታወሻ ነው። ውጤቱ ጎዳና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ነው፦ የወለድ ክፍያውን ለመሸፈን የቀረበው የግብር ረቂቅ ናይሮቢን አናወጠ፣ ፓርላማው ተጥሶ ተገባበት፣ ረቂቁም ተሳበ።

ጋና ጣሪያ አልቀያየረችም፤ የሚቆጠረውን ቀየረች። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው የፊስካል ኃላፊነት ሕግ ጉድለቱን 5 በመቶ ላይ ገድቦት ነበር። የወደቁ ባንኮችን የማጽዳቱና የኃይል ዘርፉ ወጪ ግን ለሕዝብ ከሚነገረው ጉድለት ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ኮሮና ሲመጣ ሕጉ ታገደ፣ የ2020ው ጉድለት ከ10 በመቶ በላይ ሆነ፣ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ አገሪቱ የአብዛኛውን የውጭ ዕዳ ክፍያ አቆመች። የዕዳው ቀውስ ሲፈነዳ ሕጉ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

በሌላው ጫፍ ስዊዘርላንድ አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመራጩ 85 በመቶ ያህሉ ድጋፉን የሰጠው «የዕዳ ፍሬን» እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲሆን፣ የፌዴራሉ ዕዳ ከአገራዊ ምርቱ አንጻር ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሏል። ሁለት ነገሮቹ ከቁጥሩ ይልቅ ሊጠኑ ይገባል። አንደኛ፣ የሚገድበው ወጪን ነው፣ ጉድለትን አይደለም፦ ወጪ ከገቢ ጋር እኩል እንዲሆን፣ ገቢውም ለኢኮኖሚው ውጣ ውረድ እንዲስተካከል ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ የሚመዘገብበት ሒሳብ አለ፤ ዘንድሮ የበለጠ ወጪ በሚቀጥሉት ዓመታት መካካስ አለበት። መውጫ በር አለው፣ ነገር ግን በበሩ የወጣ ሁሉ የሚመለስበት ቀን ተጽፎለት ነው።

ጀርመንም በሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ ገደብ አስገብታ (የፌዴራሉ መዋቅራዊ ጉድለት ከ0.35 በመቶ እንዳይበልጥ) ዕዳዋን እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ 80 በመቶ በላይ በ2019 ወደ 60 በመቶ አውርዳለች። የከፈለችው ዋጋ ግን ድልድይና የባቡር ሐዲድ ነው፤ ወጪ ሲጠበብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጥገናና ግንባታ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መንግሥት ለኮሮና የተፈቀደለትን 60 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ፈቃድ ወደ አየር ንብረት ፈንድ ማዛወሩን ውድቅ አደረገ። ይህ ውሳኔ የፊስካል ሕግ ጥርስ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። በመጋቢት 2025 ደግሞ ያው ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ለመሠረተ ልማት 500 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ ተፈቀደ፣ የመከላከያ ወጪም በአብዛኛው ከገደቡ ወጣ።

ታዲያ ሕጉ ዕዳን ይቀንሳል? አገሮችን በጅምላ ሲያወዳድሩ ሕግ ያላቸው የተሻለ ሚዛን ያሳያሉ። ነገር ግን ቀድሞውንም ቆጣቢ የሆነ መንግሥት ነው ሕጉን በደስታ የሚያወጣው፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ከባድ ነው። ይህን ሲያጣሩት የሕጉ ድርሻ አለ፣ ግን ያንሳል። የሚያንሰው ምክንያት ከላይ ያየነው ነው፦ በጉድለቱ ላይ የተዘጋው ብድር በሌላ በር ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ የሚፈተነው

ለኢትዮጵያ ከአውሮፓ የተቀዳ በመቶኛ የማይበጃት ለምን እንደሆነ ለማየት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብቻ ይበቃል። በዚያ ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ዕዳውን 28 ቢሊዮን ዶላር ብንል፣ በ57 ብር ሲመነዘር 1.6 ትሪሊዮን ብር ነው፤ በ120 ብር ሲመነዘር 3.36 ትሪሊዮን። አንድ ሳንቲም አልተበደርንም፣ ዕዳው ግን በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። በአገራዊ ምርት በመቶኛ የተጻፈ የዕዳ ጣሪያ ቢኖር ኖሮ በዚያ ሳምንት ይጣስ ነበር፣ ያውም ኢኮኖሚውን ለማስተካከል በተወሰደ እርምጃ። በአንጻሩ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ብሩ ከዋጋው በላይ ተይዞ ስለቆየ ጥምርታው ሳይገባው ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሁለቱም ጊዜ መለኪያው ዋሽቷል።

ታችኛው ቁጥርም፣ ዕዳው የሚካፈልበት አገራዊ ምርት፣ አይታመንም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የአገራዊ ምርቷን ስሌት ስታድስ ምርቱ በአንድ ቀን በ89 በመቶ ጨመረ፤ የዕዳ ጥምርታዋም በዚያው ቀን ወደ ግማሽ ወረደ። መክፈል የሚችለው ግን አገራዊ ምርቱ ሳይሆን የግብር ገቢው ነው። በኢትዮጵያ የታክስ ገቢ ከአገራዊ ምርት በ2000ዎቹ አጋማሽ ከነበረበት 12 በመቶ አካባቢ ወርዶ 7 በመቶ አካባቢ ሲንገታገት ቆይቷል። ከምርቱ 30 በመቶ የሆነ ዕዳ 30 በመቶ ግብር ለሚሰበስብ አገር የአንድ ዓመት ገቢ ነው፤ ለእኛ ከአራት ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ገደቡ መተሳሰር ያለበት ከምርት ጋር ሳይሆን ከአገር ውስጥ ገቢ ጋር ነው። ለወለድና ለዋና ብድር በየዓመቱ የሚወጣው፣ ከተሰበሰበው ገቢ ስንት እጅ ነው?

አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ ራሳቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ይህን መለኪያ ይጠቀማሉ። የውጭ ዕዳ ክፍያ ከመንግሥት ገቢ አንጻር ዕዳ የመሸከም አቅማቸው ደካማ ለሆኑት 14 በመቶ፣ መካከለኛ ለሆኑት 18 በመቶ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከወጪ ንግድ አንጻር ደግሞ 10 እና 15 በመቶ ላይ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተሸጠ ቦንድ) ወለድ ሳትከፍል ስትቀር ችግሩ የዕዳው ስፋት ብቻ አልነበረም። በ2007 የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ዋናው ገንዘብ በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአሥረኛው ዓመት እንዲመለስ የተዋዋለ መሆኑ ነበር ትልቁ መዘዝ። በአገራዊ ምርት ሲለካ 1 ቢሊዮን ዶላር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዶላር በሌለበት ዓመት ግን ይሰብራል። የክምችት ጣሪያ ይህን አያይም፤ የክፍያ ጣሪያ ያያል።

የ2018 በጀት ራሱ ነገሩን ይናገራል። ከ1.93 ትሪሊዮን ብሩ ውስጥ ለዕዳ ክፍያ የተያዘው 463 ቢሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ ለካፒታል ወጪ ከተያዘው 415 ቢሊዮን ይበልጣል።

ወጪውን በተመለከተ፣ በአገራችን የበጀት ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ አይቆምም። በ2017 የ971.2 ቢሊዮን ብሩ በጀት ከጸደቀ ከወራት በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ የ582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ከመጀመሪያው 60 በመቶ ማለት ነው። የምንዛሪው ለውጥ ያመጣው ግፊት ስለነበር አብዛኛው ሊገባን የሚችል ነው። ይሁን እንጂ ሰኔ የጸደቀ ቁጥር ኅዳር ላይ በዚህ መጠን መለወጥ ከቻለ፣ በሰኔው ቁጥር ላይ የተጻፈ ማንኛውም ሕግ ምን ዋጋ አለው? ተጨማሪ በጀት ከመጀመሪያው ከ10 በመቶ ካለፈ በልዩ ድምፅ እንዲጸድቅና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በዚያው አዋጅ እንዲጻፍ ማድረግ፣ ከአውሮፓ ከሚቀዳ ማንኛውም መቶኛ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ማምለጫ ብዙም ስሙ አይነሳም፤ ለሥራ ተቋራጭ የሚዘገይ ክፍያ ነው። አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፍኬቱን ፈርሟል፣ ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡ ግን «በጀት የለም» ተብሎ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የመንግሥት ሒሳብ በአመዛኙ ገንዘብ ሲወጣ የሚመዘግብ በመሆኑ ያልተከፈለ ሰርተፍኬት ጉድለት ላይ አይታይም። ለመንግሥት ጉድለቱ በሰኔ 30 ያምራል፤ ተቋራጩ ደግሞ ለሲሚንቶና ለብረት ከባንክ በገበያ ወለድ ይበደራል፣ የወለዱን ሒሳብ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ ጭኖ ያመጣዋል። በአንጻሩ በመደበኛው በጀት በኩል ያው ሰኔ ሲመጣ መሥሪያ ቤቶች የተረፈው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ የጽሕፈት መሣሪያና የቢሮ ዕቃ በጥድፊያ ይገዛሉ። ለግንባታ ሲጠበቅ ለወንበር ይለቀቃል። ጉድለትን ብቻ የሚመለከት ሕግ ሁለቱንም ያበረታታል።

ሦስተኛው በር ብሔራዊ ባንክ ነበር። መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚወስደው ብድር ገንዘብ ማተም ስለሆነ ውጤቱ በመርካቶ ዋጋ ላይ ይነበባል። ነሐሴ 2015 ላይ ባንኩ ይህን ብድር ካለፈው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚያወርድ፣ የባንኮች ብድርም ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ አስታወቀ፤ ከሐምሌ 2016ቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአይኤምኤፍ ፕሮግራም ወዲህ ደግሞ በሩን መዝጋት የፕሮግራሙ አካል ሆኗል። እስካሁን በአገራችን ካየናቸው ገደቦች ሁሉ በተግባር የሠራው ይህ ነው። ለምን ቢባል፣ ባንኩ በየሩብ ዓመቱ የሚታይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ካለፈ ደግሞ ቀጣዩ የብድር ክፍል ይቆማል። ቁጥሩ የማይተረጎም፣ ቅጣቱም የሚያም ነው። ድክመቱ ስምምነት መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ የአራት ዓመት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚያስገድደው የአገር ውስጥ ሕግና ሕጉን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ይሆናል።

አጥሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ድርጅት የመንግሥት ዕዳ ውስጥ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለውን ለመለየት ውስብስብ ደረጃ አያስፈልግም። ብድሩ የመንግሥት ዋስትና አለው? የሚሸጠውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ወለድ ሳይከፍል ቀርቷል? ሁለቱ አዎ ከሆኑ ብድሩ በጣሪያው ውስጥ ይግባ። በዚህ መስፈርት ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ ይቀራል፣ እሱም ተገቢ ነው፤ ትኬቱን በዶላር ይሸጣል፣ ያለ ዋስትናም ይበደራል። ቀላል ባቡሩ ግን ገና ሐዲዱ ሳይዘረጋ ይገባ ነበር።

ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቅ ቁጥሩን መከታተል የሚፈልግ አንባቢ የገንዘብ ሚኒስቴር በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣውን የመንግሥት ዘርፍ ዕዳ ስታቲስቲክስ መጽሔት ይክፈት። የውጭ ዕዳው በሦስት ተከፍሎ ይገኛል፦ የማዕከላዊ መንግሥት፣ ዋስትና የተሰጠው የልማት ድርጅቶች፣ ዋስትና የሌለው። የአገር ውስጡ ለብቻው አለ። የሁለት ተከታታይ ሰኔ 30 ድምሮችን በብር ወስዶ ልዩነቱን ማስላት፤ ከዚያ የዓመቱን የበጀት ጉድለት መቀነስ፤ ከቀሪው ላይ የዓመቱ መጀመሪያ የውጭ ዕዳ በዶላር፣ በምንዛሪ ተመኑ ጭማሪ ሲባዛ የሚገኘውን መቀነስ። የሚተርፈው ከበጀቱ ውጭ የተወሰደው ብድር ግምት ነው። ከዜሮ ብዙም ካልራቀ ጣሪያው ይሠራል። ብዙ ከሆነ የልማት ድርጅቶቹ ዓምድ ላይ መፈለግ ነው፤ እዚያም ካልታየ በዚያ ዓመት የወጣ የቦንድ አዋጅ ካለ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ማየት ነው። የ2017ን ዓመት በዚህ መንገድ የሚያሰላ ሰው የ900 ቢሊዮኑን ቦንድ ከማዕከላዊ መንግሥቱ ላይ ሲደምር ከድርጅቶቹ ዓምድ ላይ መቀነስ እንዳይረሳ፤ አለዚያ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የክልሎች ብድር ለዚህ ስሌት ሌላ ሥራ ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የፌዴራል መንግሥት በሕግ እንዲወስን ያዝዛል፤ ከውጭ መበደር የፌዴራሉ ብቻ ነው። የከተማው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ ግን ዋናው ገንዘብ የመጣው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከተሸጠ ቦንድ ነው፣ መልሶ የሚከፈለውም ዕጣ የደረሰው ነዋሪ በየወሩ ከሚከፍለው። ነዋሪው ሲዘገይ፣ ወይም ቤቱ ዓመታት ዘግይቶ ሲተላለፍ፣ ወለዱ የሚቆጥረው ባንኩ ላይ ነው። ይህም ብድር ከፌዴራሉ ጉድለት ውጭ ያለ ነው።